ከጅማ ጥቁር ድንጋይ ሥር ያለው አህጉር፦ ስለ ጥንታዊው ፕሌት ቴክቶኒክስ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ጅማ ላይ መሬቱን ያየ ሰው የሚያገኘው ቀይ አፈርና ጥቁር ድንጋይ ነው። ቤት የሚመሠረተው በጥቁር ድንጋይ ነው። ኮብልስቶኑ የሚጠረበው፣ ጠጠሩ የሚፈጨው ከዚያው ነው። ስለዚህ የአህጉራት አፈጣጠር ሲነሳ ብዙ ሰው ጥያቄውን የሚጀምረው ከእግሩ ሥር ነው፤ ደግሞም ልክ ነው። እዚህ ደጋግመው የሚመጡትን ጥያቄዎች ሰብስቤያለሁ።

ዋናውን ነገር ቀድሜ ልናገር። አህጉር ምድር ስትፈጠር አብሮ የተሰጠ ነገር አይደለም። ባዛልት የሚባለው ጥቁር አለት ውኃ ጠጥቶ ወደ ታች እየሰመጠ፣ እየጋለና በከፊል እየቀለጠ፣ በቢሊዮን ዓመታት ውስጥ ጥቂት በጥቂት የተጠራቀመ ነው። ከዚህ በታች ያለው ሁሉ የዚህ ዝርዝር ነው።

የአህጉር ቅርፊትና የውቅያኖስ ቅርፊት ልዩነታቸው ምንድን ነው?

ምድር ከላይ ወደ ታች ቅርፊት፣ ማንትል (ከቅርፊቱ ሥር ያለው ወፍራም የጋለ አለት) እና እምብርት አላት። ቅርፊቱ ሁለት ዓይነት ነው። የውቅያኖሱ ቀጭን ነው፤ 7 ኪሎ ሜትር ገደማ። አለቱ ባዛልት ሲሆን ብረትና ማግኒዥየም ይበዛበታል፤ ጥቁርና ከባድ ነው። የአህጉሩ ቅርፊት በአማካይ ከ35 እስከ 40 ኪሎ ሜትር ይወፍራል። ቲቤት ሥር 70 ኪሎ ሜትር ይደርሳል። ሲሊካ (ነጩ ኳርትዝ የተሠራበት ነገር) የበዛበት፣ ነጣ ያለና ቀለል ያለ ነው። ግራናይትና የግራናይት ዘመዶች ይበዙበታል።

የክብደት ልዩነቱ በቁጥር ሲታይ ትንሽ ነው። አንድ ኪዩቢክ ሴንቲ ሜትር የአህጉር አለት 2.7 ግራም ገደማ ይመዝናል፤ የውቅያኖሱ ወደ 3 ግራም ይጠጋል። ውጤቱ ግን ትልቅ ነው። ቀላሉ ከላይ ይንሳፈፋል፤ ከባዱ ሲቀዘቅዝና ሲያረጅ ይሰምጣል። ዛሬ ያለው የውቅያኖስ ወለል ከሞላ ጎደል ዕድሜው ከ200 ሚሊዮን ዓመት በታች የሆነው ለዚህ ነው። አሮጌው ወደ ማንትል ተመልሷል። አህጉር ላይ ግን 4 ቢሊዮን ዓመት የሞላው አለት ይገኛል።

የጅማ ድንጋይ ባዛልት ከሆነ፣ ጅማ የውቅያኖስ ወለል ላይ ናት ማለት ነው?

አይደለም። ግን ይህን የሚጠይቅ ሰው ነገሩን በደንብ ተከታትሏል።

ባዛልት የሚወጣው ከማንትል መቅለጥ ነው። ማንትል ውቅያኖስ መሀል ከቀለጠ የውቅያኖስ ወለል ይሠራል። አህጉር ሥር ከቀለጠ ደግሞ ቅልጥ አለቱ የአህጉሩን ቅርፊት ሰንጥቆ ወጥቶ ላዩ ላይ ይፈስሳል። ጅማ ላይ የሆነው ሁለተኛው ነው። ከ30 ሚሊዮን ዓመትና ከዚያም በፊት ከጥልቅ የተነሳ ትኩስ ማንትል የኢትዮጵያን ምድር ወደ ላይ ገፋ። ከስንጥቆቹም ላቫ በተደጋጋሚ እየወጣ አካባቢውን አጥለቀለቀው። ጅሬን ላይ ሆነው ዙሪያውን ሲያዩ የሚታዩት ተራሮች ከዚያ ዘመን የተረፉ ናቸው።

ላቫው አንዴ ፈስሶ አላበቃም። በአንዱና በሌላው ፍሰት መካከል ረጅም ፋታ ነበር። በዚያ ፋታ ሐይቅ ይተኛል፣ ደን ይበቅላል፣ ደለል ይከማቻል። በጅማ ዞን ደልቢና ሞዬ የሚገኘው የድንጋይ ከሰል የተሠራው በዚህ ዓይነት ነው፤ ከሰሉ ያለው በባዛልት ንጣፎች መካከል በተከማቸ ደለል ውስጥ ነው። እኔ ስለ ጅማ አለቶች ሲወራ በጣም የምወደው ነገር ይህ ነው። ጥቁሩን ድንጋይ አንድ ወጥ ነገር አድርገን እናየዋለን፤ በመሀሉ ግን የጠፋ ደን አለ።

አህጉሩ ራሱ ያለው ከዚህ ሁሉ በታች ነው። ጂኦሎጂስቶች መሠረታዊ አለት ይሉታል። ዕድሜው ከላዩ ካለው ባዛልት ከ15 እጥፍ በላይ ነው። ከጊልጌል ጊቤ ተነስቶ በፎፋ ተራራ ሥር ወደ ኦሞ ሸለቆ ውኃ የሚያወርደው 26 ኪሎ ሜትር ያህል ዋሻ እንኳ የተቆፈረው በእሳተ ገሞራ አለቶች ውስጥ ነው። ሽፋኑ ይህን ያህል ወፍራም ነው።

ምድር ከመጀመሪያው አህጉር ነበራት?

አልነበራትም። ምድር 4.54 ቢሊዮን ዓመት ገደማ ዕድሜ አላት። መጀመሪያ ላይ ከሌሎች አካላት ጋር ከመጋጨቷ የተነሳ በጣም ግላ ስለነበር ላይዋ የቅልጥ አለት ባሕር ነበር። ያ ሲቀዘቅዝ የተሠራው ቅርፊት ባዛልት የሚመስል ጥቁር ቅርፊት እንደነበር ይታመናል። ግራናይት በስፋት አልነበረም።

እስካሁን በሚታወቀው፣ በፀሐይ ቤተሰብ ውስጥ ሰፊ የግራናይት አህጉራት ያላት ምድር ብቻ ናት። ቬነስና ማርስ በአብዛኛው ባዛልት ናቸው። ጨረቃም ግራናይታዊ አህጉር የላትም። ስለዚህ መጠየቅ ያለበት ምድር ምን የተለየ ነገር አደረገች የሚለው ነው። መልሱ በሁለት ነገር ላይ ያርፋል፦ ውኃ እና ቅርፊቱን ወደ ታች የሚወስድ እንቅስቃሴ።

ታዲያ ከጥቁር ባዛልት እንዴት ነጭ ግራናይት ይወጣል?

ቅቤ ሲነጠር አስቡ። ሙቀት ሲነካው ንጹሑ ከላይ ይለያል፣ አንጓቹ ከታች ይቀራል። አለትም ሲግል በአንዴ ሙሉ በሙሉ አይቀልጥም። ውስጡ ያሉት ማዕድናት የሚቀልጡበት ሙቀት ይለያያል። መጀመሪያ የሚቀልጠው ሲሊካ፣ ሶዲየምና ፖታሲየም የበዛበት ክፍል ነው። ይህ ቀላል ስለሆነ ወደ ላይ ይወጣል። ብረትና ማግኒዥየም የበዛበት ከባዱ ክፍል ጠጣር ሆኖ ታች ይቀራል።

አሁን ውኃን ጨምሩበት። ደረቅ ባዛልት ለመቅለጥ ከ1,000 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ይፈልጋል። ውኃ በማዕድናቱ ውስጥ የገባበት ባዛልት ግን ከ700 እስከ 800 ዲግሪ ባለው መካከል መቅለጥ ሊጀምር ይችላል። ውኃው ከየት ይመጣል? ከባሕር ነው። ባዛልት ባሕር ወለል ላይ ሆኖ በስንጥቁ ውስጥ ውኃ ሲመላለስበት፣ ማዕድናቱ ተለውጠው ውኃን በውስጣቸው ይይዛሉ። እንዲህ ያለው ባዛልት ወደ ጥልቅ ሲወርድ ውኃውን ይዞት ይወርዳል።

በዚህ መንገድ የተሠሩት የመጀመሪያዎቹ የአህጉር አለቶች ሦስት ናቸው፦ ቶናላይት፣ ትሮንጄማይትና ግራኖዳዮራይት። ስማቸው ይከብዳል፤ ሁሉም ሶዲየም የበዛባቸው የግራናይት ዘመዶች ናቸው። ከ4 እስከ 2.5 ቢሊዮን ዓመት በፊት የነበረው የአርኪያን ዘመን አህጉር ትልቁ ክፍል እነዚህ ናቸው።

ጥልቀቱስ እንዴት ታወቀ? ጋርኔት በሚባል ማዕድን ነው። ባዛልት ከ35 ኪሎ ሜትር ገደማ በታች ሲወርድ በግፊቱ ምክንያት ጋርኔት ይሠራል። ጋርኔት እንደ ኢትሪየምና ኢተርቢየም ያሉ ንጥረ ነገሮችን ይዞ ያስቀራል። ስለዚህ ወደ ላይ የወጣው ቅልጥ አለት በነዚህ ደሃ ይሆናል። ከነዚያ ጥንታዊ አለቶች ብዙዎቹ ይህ ጉድለት ይታይባቸዋል። ማለትም ባዛልቱ ጥልቅ ወርዶ ነው የቀለጠው። ጥያቄው እንዴት ወረደ የሚለው ነው። ክርክሩም የሚጀምረው እዚህ ነው።

ፕሌቶች መንቀሳቀስ የጀመሩት መቼ ነው?

ባዛልቱን ወደ ታች ሊያወርድ የሚችለው አንዱ መንገድ የፕሌቶች ጉዞ ነው። ፕሌት ማለት የምድር ቅርፊት ከሥሩ ካለው ጠጣር ማንትል ጋር ሆኖ የሚንቀሳቀስ ትልቅ ንጣፍ ነው። መቼ ጀመሩ የሚለው ገና አልተዘጋም። አልፍሬድ ቬገነር እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1912 አህጉራት ይንቀሳቀሳሉ ሲል ብዙ ሰው አልተቀበለውም። በ1960ዎቹ የባሕር ወለል ሲጠና ነገሩ ተረጋገጠ። አሁን የቀረው ክርክር የጅማሬው ጊዜ ነው። ከ4 ቢሊዮን ዓመት በፊት የሚሉ አሉ፤ ከ1 ቢሊዮን ዓመት ወዲህ የሚሉም አሉ። ሰፊው የባለሙያ ክፍል ግን ከ3 ቢሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ትልቅ ለውጥ እንደነበር ይስማማል።

ማስረጃዎቹ ከተለያየ አቅጣጫ መምጣታቸው ነው የሚያሳምነው። አንዱ አልማዝ ነው። አልማዝ ከ150 ኪሎ ሜትር በላይ ጥልቀት ውስጥ ሲያድግ በአካባቢው ያሉ ጥቃቅን ማዕድናትን በውስጡ ይቀረቅራል። እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ2011 የታተመ ጥናት እንዳሳየው፣ የሰመጠ የባዛልት ቅርፊትን የሚያመለክቱ ቅንጣቶች አልማዝ ውስጥ የሚታዩት ከ3 ቢሊዮን ዓመት ወዲህ ነው። ከዚያ በፊት የሚገኙት የማንትል ቅንጣቶች ብቻ ናቸው። ሁለተኛው የማግኔት ማስረጃ ነው። አለት ሲሠራ የምድርን ማግኔት አቅጣጫ ይመዘግባል። በአውስትራሊያ ፒልባራ የሚገኙ አለቶች፣ ከ3.2 ቢሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ያ ምድር በዓመት ቢያንስ 2.5 ሴንቲ ሜትር ይጓዝ እንደነበር አሳይተዋል፤ ይህ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ2020 ታትሟል። ዛሬ ፕሌቶች የሚሄዱበት ፍጥነትም ከዚህ ሩቅ አይደለም።

የድሮው ግን እንደዛሬው አልነበረም። የያኔው ማንትል ከዛሬው ከ100 እስከ 250 ዲግሪ ያህል ይሞቅ ነበር። ኮማትያይት የሚባለው ላቫ ለዚህ ምስክር ነው። ስሙን ያገኘው በደቡብ አፍሪካ ካለው ከኮማቲ ወንዝ ነው። ሲፈስስ ሙቀቱ 1,600 ዲግሪ ይደርስ ነበር፤ ዛሬ እንዲህ የሚሞቅ ላቫ የትም አይፈስስም። በሞቃት ማንትል ላይ ያለ ፕሌት ለስላሳ ነው። ሲሰምጥ ሊበጠስ ይችላል። ስለዚህ ፕሌቱ ይጀምራል፣ ይቆማል፣ እንደገና ይጀምራል የሚሉ አሉ። ሌሎች ደግሞ መጀመሪያ ላይ የጎንዮሽ ጉዞ አልነበረም፤ የወፈረው ባዛልት በራሱ ክብደት ቁልቁል እየተንጠባጠበ ነው ግራናይቱ የተሠራው ይላሉ። ፒልባራ ውስጥ ክብ ክብ ሆነው ወደ ላይ ያበጡ የግራናይት ጉብታዎች አሉ። በመካከላቸው ደግሞ ወደ ታች የሰመጠ ጥቁር አለት አለ። ይህ አቀማመጥ ሁለተኛውን ሐሳብ ይደግፋል።

እኔ የሚመስለኝ ሁለቱም መሆናቸው ነው። በመጀመሪያው ቢሊዮን ዓመት መንጠባጠቡ ያመዝን ነበር። ማንትሉ እየቀዘቀዘ፣ ፕሌቱ እየጠነከረ ሲሄድ የጎንዮሽ ጉዞው ቦታውን ወሰደ። አንድ ቀን ቆርጦ «ከዚህ ጀመረ» ማለት አይቻልም። በሁለቱም መንገድ ግን ውኃ የያዘ ባዛልት ጥልቅ መውረድ ነበረበት። በብዙ ስሌቶች መሠረት ከግማሽ በላይ የሚሆነው የአህጉር ቅርፊት ከ2.5 ቢሊዮን ዓመት በፊት ተሠርቶ አልቋል።

ይህን ያህል የቆየ ዕድሜ እንዴት ይለካል? ግምት አይደለም?

ግምት አይደለም። የሚለካው ዚርኮን በሚባል ማዕድን ነው። ዚርኮን ከአሸዋ ቅንጣት የማይበልጥ ደቃቅ ክሪስታል ነው። ሲሠራ ዩራኒየም ይቀበላል፣ እርሳስ ግን አይቀበልም። ዩራኒየም ደግሞ በታወቀ ፍጥነት ወደ እርሳስ ይለወጣል። ከዩራኒየም-238 ግማሹ ለመለወጥ 4.47 ቢሊዮን ዓመት ይፈጅበታል። ዩራኒየም-235 በ704 ሚሊዮን ዓመት ነው። ስለዚህ በአንድ ቅንጣት ውስጥ ሁለት ሰዓት አለ ማለት ነው። ሁለቱ አንድ ዕድሜ ከተናገሩ ጠንካራ ማስረጃ ነው፤ ካልተስማሙ ክሪስታሉ በኋላ እንደተነካ ይታወቃል።

ምድር ላይ እስካሁን ከተገኙት ሁሉ በዕድሜ የሚበልጠው ዚርኮን በምዕራብ አውስትራሊያ ጃክ ሂልስ የተገኘ ነው። ዕድሜው 4.4 ቢሊዮን ዓመት ነው። የተገኘበት አለት ግን 3 ቢሊዮን ዓመት ገደማ ነው። ዚርኮኑን የሠራው የመጀመሪያው አለት ፈርሶ፣ ታጥቦ ጠፍቷል፤ ቅንጣቷ ብቻ ተርፋ በሌላ አለት ውስጥ ገባች። ከነዚህ ዚርኮኖች አንዳንዶቹ ውስጥ ያለው የኦክስጅን ዓይነት፣ ከ4 ቢሊዮን ዓመት በፊት ፈሳሽ ውኃ እንደነበረ ያመለክታል። ከሙሉ አለት ደግሞ በካናዳ ያለው አካስታ ናይስ የተባለው አለት 4.03 ቢሊዮን ዓመት ሆኖታል።

የኢትዮጵያ መሬትስ እንዴት ተሠራ?

እዚህ ላይ ረዘም ላድርገው፤ ምክንያቱም ስለ ካናዳና ስለ አውስትራሊያ የተባለው ሁሉ በቅርባችን ይታያል።

የኢትዮጵያ መሠረታዊ አለት እንደ አካስታ ያረጀ አይደለም። አብዛኛው የምዕራብ ኢትዮጵያ መሠረት የተሠራው ከ900 እስከ 550 ሚሊዮን ዓመት በፊት ባለው ጊዜ ነው። ያኔ አፍሪካ ዛሬ ያላት ቅርጽ አልነበራትም። በምሥራቅና በምዕራብ ባሉ አሮጌ አህጉራት መካከል ጂኦሎጂስቶች የሞዛምቢክ ውቅያኖስ ብለው የሚጠሩት ባሕር ነበር። በዚያ ባሕር ውስጥ የውቅያኖስ ወለል ከሌላው ሥር ይሰምጥ ነበር። ከሰመጠው በላይ እንደ ዛሬዋ ጃፓንና ኢንዶኔዥያ ያሉ የእሳተ ገሞራ ደሴቶች ተሰልፈው ይወጡ ነበር። ባሕሩ እየጠበበ ሲሄድ ደሴቶቹ አንድ በአንድ እየተላተሙ ተጣበቁ። በመጨረሻ አሮጌዎቹ አህጉራት ሲገጥሙ ጎንድዋና የተባለው ግዙፍ አህጉር ተሠራ። ከተጣበቁት ደሴቶች የተሠራው ምድር ከሳዑዲ አረቢያና ከግብፅ ተነስቶ በሱዳንና በኤርትራ አልፎ ትግራይና ወለጋ ይደርሳል። የአረብ-ኑቢያ ጋሻ ይባላል።

ስለዚህ የጥንቱ አህጉር እንዴት እንደተሠራ ለመረዳት የሚፈልግ ሰው ወለጋን ማየት ይችላል። ዘመኑ የቅርብ ነው፤ አሠራሩ ግን ተመሳሳይ ነው፦ ውኃ የያዘ ባዛልት ይሰምጣል፣ አለት ይቀልጣል፣ ቀላሉ ወጥቶ ይጠራቀማል፣ የተጠራቀመው ይላተማል።

ማስረጃው ደግሞ ሰው የሚያውቀው ነገር ነው። በብዙ ሕንፃዎች ወለል ላይ የተነጠፈው የዳለቲ እብነ በረድ በዚያ ባሕር ውስጥ የተከማቸ የኖራ ድንጋይ ነበር፤ አህጉራት ሲላተሙ በሙቀትና በግፊት ተለወጠ። ምዕራብ ወለጋ ውስጥ ዩብዶ ላይ ለአሥርት ዓመታት ፕላቲነም የወጣው ከጥልቅ የመጡ ጥቁርና ከባድ አለቶች ካሉበት ነው። በወለጋና በአዶላ ያለው ወርቅም ከዚያው ግጭት ጋር የተያያዘ ነው። ምድር ስትጨመቅ በስንጥቅ ውስጥ የሚያልፍ ትኩስ ውኃ ወርቁን አምጥቶ ከነጭ ኳርትዝ ጋር አስቀመጠው። ወርቅ የሚያጥቡ ሰዎች ነጩን ድንጋይ ተከትለው የሚሄዱት ያለ ምክንያት አይደለም።

ስምጥ ሸለቆው ጅማን ይከፍላታል?

ጅማ ከስምጥ ሸለቆው በስተ ምዕራብ ደጋው ላይ ናት። አብዛኛውን አፍሪካ የተሸከመው የኑቢያ ፕሌት ተሳፋሪ ናት ማለት ነው። በሸለቆው በኩል ኢትዮጵያ በዓመት ከ5 እስከ 6 ሚሊ ሜትር ገደማ ትከፈታለች። በ2017 ዓ.ም. በፈንታሌና በአዋሽ አካባቢ በተደጋጋሚ የተከሰተው የመሬት መንቀጥቀጥ የዚህ አካል ነው። በ1998 ዓ.ም. መስከረም ላይ ደግሞ አፋር ውስጥ ዳባሁ አካባቢ 60 ኪሎ ሜትር የሚረዝም ስንጥቅ በቅልጥ አለት ተሞላ፤ በአንዳንድ ቦታ ምድር እስከ 8 ሜትር ተከፈተች። እዚያ ያለው ቅርፊት ቀስ በቀስ ወደ ውቅያኖስ ቅርፊት እየተለወጠ ነው።

አዲስ አህጉርስ አሁንም ይሠራል?

ይሠራል። በአንዲስ ተራሮች፣ በጃፓን፣ በኢንዶኔዥያ። ግን የውቅያኖስ ወለል ሲሰምጥ ከአህጉር የታጠበ ደለልም አብሮ ይወርዳል፤ ስለዚህ እየተጨመረም እየተቀነሰም ነው።

ይህ ሁሉ ከቡናችን ጋር ምን ያገናኘዋል?

ቡናችን የበቀለው በላይኛው ሽፋን ላይ ነው። ባዛልት በሙቀትና በዝናብ ሲበሰብስ ጥልቅ ቀይ አፈር ይሆናል። ብረቱ ነው የሚያቀላው። ካልሲየምና ማግኒዥየም ያለበት አለት ስለሆነ መነሻው ጥሩ ነው። ከግራናይት የሚወጣ አፈር በአብዛኛው አሸዋማና ደሃ ነው። አህጉሩ ባዶውን ቢሆን ኖሮ፣ ላቫው ባያለብሰው ኖሮ፣ የጅማ እርሻ ሌላ መልክ ይኖረው ነበር።

መሠረታዊውን አለት የት ሄጄ ላየው እችላለሁ?

ከተማው ውስጥ አያገኙትም። ወንዝ መከተል ይሻላል። ዴዴሳ ከጅማ ዞን ተራሮች ይነሳል። ወደ ሰሜን ምዕራብ ሲወርድ ባዛልቱን ቆርጦ ይጨርስና ሸለቆው ውስጥ መሠረታዊው አለት ይገለጣል። ከበደሌ ወደ ነቀምት የሚሄድ ሰው የዴዴሳን ሸለቆ ሲያቋርጥ ልብ ይበል። ሌላው መንገድ በመቱና በጎሬ አድርጎ ወደ ጋምቤላ የሚወርደው ነው። ደጋው አልቆ ቁልቁለቱ ሲጀምር ጥቁሩ ድንጋይ ይቀርና ሌላ ዓይነት አለት ይመጣል።

የሚፈልጉት ናይስ የተባለውን ነው። ነጭና ጥቁር መስመር እየተፈራረቀ የሚታይበት፣ አንዳንዴም የተጣጠፈ አለት ነው። መስመሮቹ የመጨመቁ አሻራ ናቸው። በመሀሉ ሮዝ ወይም ነጣ ያለ ግራናይት ገብቶ ሊያገኙ ይችላሉ። የሚያብለጨልጩት ቅጠል መሳይ ነገሮች ሚካ ናቸው። ያረጀ የአለት ፊት በድንጋይ ሽበትና በአፈር ስለሚሸፈን አያሳይም፤ ለመንገድ ሥራ በቅርቡ የተቆረጠ ወይም ወንዝ ያጠበው ቦታ ይምረጡ። የድንጋይ ካባ ከሆነ መጀመሪያ ሠራተኞቹን ያስፈቅዱ።